ልዩ ልዩ

ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላ ዕጣ አልወጣልኝ።
የጀልባ ሞተር ጠጋኞች ማኅበር ይባላል፣
ማኅተሙ እኔ ዘንድ፣ ቁልፉ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ያድራል።

የኅዳር ጭስ ሳይጠፋ ይበልጣል ደወለልን፣
ወደቡ ጥግ፣ ከዋርካው ሥር፣ አምስት ሆነን ተሰበሰብን፤
ባምናው ወረቀት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ሰረዘና
«ይኸው፣ አለቀ» አለን፣ መነጽሩን አወለቀና።

ተራ ቁጥር አንድ፦ የክብር እንግዳ ንግግር፤
ሁለት፦ የሥራ ሪፖርት፣ በቁጥር ላይ ቁጥር፤
ሦስት፦ ምርጫ፤ ያው እጅ፣ ያው ሰው፣ ያው ወንበር፤
አራት፦ ልዩ ልዩ።
                      እዚህ ላይ ነው ነገር።

አምና አዳራሽ ተከራየን፣ ሰማያዊ ባነር ሰቀልን፣
ወፍራሙንም ቀጭኑንም ባንድ ልክ ካናቴራ አለበስን፤
ሦስት ሰዓት የተባለው እንግዳ አምስት ተኩል ደረሰ፣
የንብ አናቢዎችን ንግግር ከኪሱ መዘዘና አፈሰሰ፤
ስለ ቀፎ፣ ስለ ሰም፣ ስለ ማር ወለላ፣
እኛም አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ ሌላ።
ሪፖርቱ አርባ ገጽ ነበር፤ የሞተር ስም አንዴም አልተነሳ፣
ለጎደለች ሁለት ሣጥን ውኃ ግን ስንት እጅ ተነሳ!

ልዩ ልዩ ሲከፈት ሰባት ሰዓት አልፏል፣
ዓሣው ከዘይት ወጥቷል፣ ወንበሩ ተገፍቷል፤
ከጎርጎራ ሐይቁን አቋርጠው የመጡት ጋሽ አንለይ
ተነሱ፤ አንዲት የብረት ቀለበት መዳፋቸው ላይ።
«እምቦጭ ፕሮፔለሩን ሲያንቀው እጅ መስደድ ይቅር፤
ይቺ ቀድማ ትቆርጠዋለች፤ ላሳያችሁ በተግባር።»
ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፦ «ጋሼ፣ በሻይ ሰዓት ይቀጥላል።»
እኔም ጻፍሁ፦ «አንድ አባል አስተያየት ሰጥተዋል።»

አራት ቃል።
በዚያው ክረምት፣ ደቅ ደሴት አጠገብ፣
ሙሉሰው ሞተሩ ታነቀበት፤ እጁን ወደ ውኃው ሰደደ፤
ሞተሩ ድንገት ነቃ። ሁለት ጣቱን ይዞ ሄደ።
ዛሬ ዋርካው ሥር ሻይ የሚያቀርብልን እሱ ነው።
በሦስት ጣት አቀበለኝ፤ ብርጭቆው ፈጀኝ፤
እስኪበርድ ያዝሁት፤ ማስቀመጥ አሳፈረኝ።

ከዚያ ወረቀቱን ስቤ፣ አንዱን ሰርዤ፣ አራትን አናቱ ላይ ጻፍሁት፦
«ተራ ቁጥር አንድ፦ ልዩ ልዩ።» ሌላውን ባዶ ተውሁት።
«እንግዳውስ?» አለ ይበልጣል። «ይምጣ፤ ወንበር አይጠፋም፤
ስለ ማር ካላወራን በቀር መምጣቱ አይከፋም።»
ገንዘብ ያዡ ልንገረው ተቆጣ፦ «ያለ አዳራሽ? ያለ ባነር?
የእምቦጭ ደረሰኝ ማን ይሰጠኛል? ኦዲተሩ ሲመጣ ምን ልናገር?»

እዚያ ላይ ሳቅን። ኪራዩ ይቅርና አሮጌ ሞተር እንያዝ፤
ዳርቻው ላይ በርሜል ይቁም፣ እምቦጭ በጆንያ ይጋዝ፤
የተረፈው ለሩቅ አባላት፣ ከደልጊ ከቁንዝላ ለሚመጡ፣
ሥራ ፈትተው ሲውሉ የቀን እንጀራ እንዳያጡ።
ቀኑስ? ከጥምቀት በኋላ፤ ጀልባው ሁሉ ከበዓል ሥራ ሲመለስ፤
ሰዓቱስ? ከንጋቱ አንድ ሰዓት፤ ሐይቁን ነፋስ ሳያምስ።
ቆቡ ብቻ ጸደቀ፤ የጥር ፀሐይ አይቻልም።
ማን እንደሚመጣ ግን፣ እውነቱን፣ እኔም አላውቅም።

ማታ ጎርጎራ ደወልሁ፤ ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል፤
«ስንት ደቂቃ» አሉ ጋሽ አንለይ፣ «ለእኔ ይፈቀድልኛል?»
«ሞተሩ እስኪነሳ።»
ዝም አሉ። ማዶ ሞገድ ድንጋይ ይመታል፣ ውሻ ይጮኻል።
«በል» አሉኝ፣ «የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ እንዳትረሳ።»