እግር አይለጠፍም

ዘጠኝ ቀን ቀረው ፈተናው ሊመጣ፤
ከቦዬ በኩል ደመና ወጣ።
ቆርቆሮው ሲንጫጫ ድምፄ እንኳ ጠፋኝ፤
መብራት ሄደ ደግሞ፣ ደብተሬ ላይ ደፋኝ።
በስልኬ ጭላንጭል፣ ባትሪው በመቶ አሥራ አንድ፣
አፍጥጫለሁ በአንዲት የባሕር ማዶ ዘመድ።

ሴትዮዋ መስኮት ዳር ተቀምጣለች፤
ምዕራፍ ሁለት ላይ ተቀምጣ፣ ምዕራፍ ሰባትም እዚያው አለች።
ባሏ መርከበኛ ነው። ውጭው በረዶ።
ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ገጽ ሙሉ፣ ያውም ከልብ ተቀድቶ፣
አትልከውም ግን፤
አጥፋ፣ አጥፋ፣ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች።

«ደራሲው ብቸኝነቷን በምን አሳየ? ተንትን» ይላል ጥያቄው።
(«ተንትን» ያልኩት እኔ ነኝ፤
ወንድ ከሴት አይለይም እንግሊዝኛው።)
በኦሮምኛ አስባለሁ፣
በአማርኛ እጠራጠራለሁ፣
በእንግሊዝኛ እሰርዛለሁ።

የመምህር ይልቃል ቀይ ብዕር፣ የመንቲና ጭቃ፤
ባለፈበት ገጽ ላይ ነጭ ነገር አበቃ።
«ሐሳብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ። ሦስት እግር ነው አንቀጽ፤
አንዱ ካጠረ ይወድቃል። ረውዳ፣ ጥቅስሽ ከየትኛው ገጽ?»
እኔም ለጠፍኩ፣ ጥቅስ በጥቅስ ላይ፣ እንደ ምርጫ ወረቀት በግድግዳ፤
ሴትዮዋ ግን ከመሐል ወጥታ ሄደች፣ እንዳልተመቸው እንግዳ።
ከሃያ ዘጠኝ።
ከግርጌው በቀይ፦ «ሴትዮዋን አላየኋትም።»

ከድር ይሻለዋል፤ አጂፕ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በአሥራ አምስት ብር
የተዘጋጀ መልስ ገዝቷል፣
ለመርከበኛ ሚስት የሚሆን፣ ለንጉሥም፣ ለነብር።

አባቴ በረንዳው ላይ በፋኖስ ይጠርባል ዋንዛ፤
ፍቅፋቂው ይሸታል፣ ማለዳ፣ ጤዛ።
በርጩማ ነው፤ ቅዳሜ ሄርማታ ገበያ የሚወርድ፣
ጭኑ ላይ አጋድሞ በሞረድ ሲሞርድ
«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት፤ ሴትዮዋን፣ መስኮቱን፣
ሦስቱን የአንቀጽ እግሮች፣ ከሃያ ዘጠኙን።

ሳቀ። በርጩማውን ገለበጠና ሆዱን አሳየኝ።
«እስቲ ዳሺው፤ ሚስማር አለው? ማጣበቂያስ?»
ዳሰስኩት። የለውም።
«እግር አይለጠፍም፣ ልጄ። ከመቀመጫው ጋር አንድ ዛፍ ነው፤
ከውጭ አምጥቼ የቀጠልኩት እንደሆን
አንድ ወፍራም ሰው ይበቃዋል።»

ዝም አለ፣ ሞረዱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።
«ግን ለምንድን ነው ደብዳቤውን የማትልከው?»
«መጽሐፉ አይናገርም» አልኩት።
ዝናቡ ትንሽ ጋብ ብሎ ነበር፤ ባይጋብ ኖሮ ባልሰማሁት።
«እናትሽ ጅዳ እንደሄደች ሰሞን
ማታ ማታ ድምፅ እቀዳላት ነበር፣ እናንተ ስትተኙ።
ረጅም ነው። አዳምጠውና አጠፋዋለሁ።
የምልክላት ‹ደህና ነን› የምትለዋን ብቻ ነበር።»

ፋኖሱን ቀና አደረገ፣ ክሩ ያጠረ ይመስል።

ስገባ ባትሪው አራት ቀርቶታል።
በረዶ አይቼ አላውቅም፤
መሳቢያውን ግን አሁን አወቅሁት፣
በየትኛው ኪስ እንደሚያዝ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚረዝም።
ጥቅሱ ገጽ መቶ አራት ላይ ነበር፣ ስንቴ ያለፍኩት፤
«አጠፈችው» ትላለች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር፣
ሌላ ምንም አትልም።
ከእሷ ጀመርኩ። አንድ መስመር። ሁለት።
አልሰረዝኩም።

ከበረንዳው ሞረዱ ቆመ።
«ረውዳ፣ ባሏስ ይመለሳል?»

መጽሐፉን ሁለቴ ጨርሼዋለሁ።
«ገና አልደረስኩበትም» አልኩት።