የሰልባጅ ማሊያ፣ ቁጥር አራት

ቅዳሜ ገበያ፣ ከተከመረው ልብስ፣
ከሰው አገር ጃኬት፣ ከሰው አገር ቀሚስ፣
እጄን ሰድጄ ሳወጣው ተጠቅልሎ፣
አረንጓዴ ማሊያ፣ ጀርባው ላይ ስም አዝሎ።
«ሬንከን» ይላል ጽሑፉ፣ ግማሹ ተልጦ፤
ከስሙ ሥር አራት ቁጥር ተቀምጦ።
«ስንት ነው?» አልኩና ሰባ ብር ሰጠሁ፤
ሳላውቀው የሰው ዕድሜ ገዝቼ ወጣሁ።

የእኛ ሜዳ፣ ሽምብጥ፣ አንድ ጎኑ ጣና ነው፤
ኳስ በዚያ ሲወጣ ውርወራ የለም፣ ዋና ነው።
ደንገሉ ውስጥ የገባ አንዳንዴ በታንኳ ይመለሳል፣
አንዳንዴ ጉማሬ ዘንድ ያድራል።

አሰልጣኝ ይርሳው ማሊያዬን አይቶ፦
«አንተ ባለ አራቱ፣ ከኋላ ቁምልኝ፤
ኳሱ ካለፈ ሰውዬው፣ ሰውዬው ካለፈ ኳሱ ይቅርልኝ።»

እናቴ ስለ ቤት ኪራዩ «ያልፋል»፣
ጎረቤት ስለ ወባው «ያልፋል»፣
ጀልባ ነጂው ማዕበሉን አይቶ «ያልፋል»፤
ከተማው በሙሉ በዚህች ቃል ሲያድር፣
እኔ ግን ተቀጠርኩ «አያልፍም» ለማለት፣
በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያለ ምንም ብር።

አንድ ቀን፣ እምቦጭ የሚያጭደውን ማሽን ሊጠግን
የመጣ ጀርመናዊ፣ ግራሶ የነካው እጅ፣
ጀርባዬን አየና ቆመ ከሜዳው ደጅ።
«ሬንከን!» አለ። ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።
እኔም ባጃጅ ጠጋኝ ነኝ፤ እጃችን አንድ ቀለም።
በተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀምጦ፣
በተሰበረ አማርኛ ነገረኝ አምጦ፦

«የእኛ ከተማ ልጅ፤ አገሩ የድንጋይ ከሰል፣
አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ክለብ፤
ሦስት መቶ ጨዋታ፣ ሁለት ጎል፣
አንደኛው በራሱ መረብ።
ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አጥቂው ነበር።
ሬንከንን የምናስታውሰው
የቀረ ቀን ብቻ ነው።

በራሱ ላይ ያገባ ማታ ክለቡ ወረደ፤
በማግስቱ፣ ማንም ሳይነሣ፣ ወደ ልምምድ ሄደ።
በረዶ ነበር። ብቻውን ሜዳውን ዞረ።
ይቅርታ አልጠየቀም። እንዲሁ ሮጠ።

ከዚያ ጉልበቱ አለቀ።» እዚህ ላይ ራሱ ግራ ገባው፤
«ጉልበት... ይኼ?» አለኝ፣ ሎሚውን እየነካ፣
«ወይስ ይኼ?» ክንዱን አጥፎ እያሳየ።
«አንድ ቃል ነው» አልኩት፤ «አንዱ ሲሄድ ለካ
ሌላውም አብሮ ነው የሚሄደው።»

«አሁንስ?»
«የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል።
መንገዱን በቁሙ ዘግቶ ይቆማል፤
የመጨረሻዋ ልጅ ሳትሻገር
መርሴዲስም ቢሆን አያልፍም።»

እሑድ ከቤዛዊት ልጆች ጋር፣ ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ፣
ኳሷ ከሽባባው አናት ወደ እኔ መጣች ወድቃ፤
እግሬን ሰደድኩ። ከራሴ በረኛ ጀርባ ገባች።
ሜዳው ዝም። ጣና ብቻ ዳሩን መታች።

እናቴ እራት እያቀረበች «ያልፋል» አለች።
ዝም አልኩ። አንዳንድ ነገር አያልፍም፣ እማ፤
እግሩን ተክሎ ይቆማል መሀል መንገድ ላይ፣
ልክ እንደ ደህና ተከላካይ።

ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ማሊያዋን ለበስኩ።
ከስሙ «ሬን» ብቻ ቀርቷል፤
የአራቷም አንድ እግር ተልጧል።
ዘንባባው ሥር ጤዛ። ባለታንኮቹ መረብ ይስባሉ፤
ጉም ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል።
አንዱ ከውሃው ላይ፦ «ኳሱስ?» ብሎ ጮኸ፤
«ዛሬ ያለ ኳስ ነው!»

ጉልበቴ ትንሽ ጠዘጠዘኝ፣
የቱ ጉልበቴ እንደሆነ አላጣራሁም፤
በውሃው ዳር፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣
ሮጥኩ።