ሁለቴ ቀጭ

ሐምሌ ነው፤ የጅማ ሰማይ ከተቀደደ ሰንብቷል፤
ቆርቆሯችን ላይ ቀኑን ሙሉ ሽምብራ ያፈሳል።
ሰሌን ላይ ነኝ፤ ብሎኖቼ እንዳይሰወሩ
በአባባ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ ጎድጓዳው ላይ ተከመሩ።

ኬዙን ቆጪ፣ ከተዘጋ ፎቶ ቤት ነው የገዛሁት፤
ሆዱ ውስጥ ባለቤት ያልመጣለት የሰርግ ፎቶ አገኘሁ፣
ሙሽሮቹን አላውቃቸውም፤ መጣል ከበደኝ፣ ጎኑ ላይ ለጠፍኩት።
ማዘርቦርዱ ጊቤን ወርዶ፣ ጊቤን ወጥቶ መጣ፣
በአክስቴ ልጅ ፎጣ ተጠቅልሎ
ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ከማዳበሪያ ወጣ።
ፓወሩ ከዩኒቨርሲቲው ጨረታ፣ በኪሎ ከተሸጠው ክምር፤
ራሙ የሙኒር፤ ዋጋው አንድ የስልክ ጥገና እና የሁለት ወር ምስጢር።
ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው አዲስ፣ ፕሮሰሰሩ ብቻ የኔ፤
ስምንት ወር እቁብ ጥዬበታለሁ፣
ዕጣው ሲደርሰኝ ባጃጅ ውስጥ አልቅሻለሁ ያኔ።

«ረውዳ፣ መጀመሪያ የመስኮቱን ብረት ንኪ» አለ አባባ ከአልጋው፣
«የሰው ገላ የራሱ ኮረንቲ አለው፤ ሳያውቅ ነው የሚጎዳው።»
ሠላሳ ዓመት ሂርማታ ገበያ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረው፣
ካውያው የቀዘቀዘው፣ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው፤
ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ የሚመስለው።

ሦስት ማዕዘኑን ከሦስት ማዕዘኑ አገጣጠምኩ፤
ፕሮሰሰሩ መጫን አይወድም፣ በክብደቱ ብቻ ወረደ፤
ትንፋሼን ያዝኩ።
መያዣውን ስከድነው እንደሚሰበር ነገር ተንቋቋ፤
ጥርሴን ነከስኩ።
ፓስታውን የአንድ ምስር ፍሬ ያህል፣ ማራገቢያውን ከላይ፣
ራሙን በአውራ ጣቶቼ፣
ገመዶቹን፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ እንደ ልጅ ሹሩባ ለይቼ ለይቼ።

«ቢስሚላህ» አልኩና ተጫንኩት።
ማራገቢያው ዞረ። ቆመ።
ዞረ። ቆመ።
ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ እኔን ብቻ ነው የሚያሳየኝ።
ከዚያ፣ ይባስ ብሎ፣ መብራት ሄደ፤
መንደራ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ጨለመ።

ዝናቡ ብቻ ቀረ። የስምንት ወር እቁቤን እያሰላሁ
የጠመዘዝኩትን ሁሉ በልቤ መልሼ ፈታሁ።
«ጠዋት ያስዳሰስሽኝ ጠፍጣፋው፣
መግቢያው በሁለት ጫፍ መያዣ ያለው» አለኝ ግድግዳው፤
«እሱ ሁለቴ ቀጭ ማለት ነበረበት። አንዴ ነው የሰማሁት።»
«በዚህ ሁሉ ዝናብ?»
«ዝናቡን ማን ሰማው።
አንቺን ነበር የምሰማው።»

መብራት ሲመጣ ከሌሊቱ ስድስት ሆኗል፤ ዝናቡም አባርቶ
አዌቱ ብቻ ነው ከድልድዩ ሥር የሚያጉረመርም፣ ሞልቶ።
ራሙን ነቀልኩት። መለስኩት። በሁለት አውራ ጣት ተጫንኩት፦
ቀጭ።
አባባ ጣቱን አነሳ።
ቀጭ።

አንዲት ድምፅ፣ አጭር፣ ብቸኛ፦ ጢጥ።
ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ተግተለተለ፤
አባባ እየዳበሰ ተነሳና አልጋው ጫፍ ተቀመጠ።
«ምን ይላል?»
«ነቅቻለሁ ይላል። የምነሳበት ዲስክ ግን አላገኘሁም ይላል።»
«ገና ምንም አያውቅም በይኛ።»
«ምንም።»
ሳቀ፤ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ፤
«አንቺም እንዲሁ ነበርሽ» አለ፣
መዳፉን ወደ ማራገቢያው ዘርግቶ፣
ንፋሱን እየዳሰሰ ብዙ ቆየ፤ ሻሂ እንኳ ስሰጠው አልተቀበለ።

ዲስኩን ነገ ሙኒርን እጠይቃለሁ፤
ሌላም ምስጢር አይጠፋው፣ እጠብቅለታለሁ።
በርጩማው ላይ ግን አንድ ብሎን ተርፏል፤
የየት ነሽ ብላት አትመልስ፤
ማሽኑ ያለ እሷም ይሠራል።