የግድግዳው ቀን

ከሌሊቱ ሰባት ሆነ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
አዌቱ ከድልድዩ ሥር ድንጋይ እያንከባለለ ያልፋል።
እኔ ከላቦራቶሪው ጓዳ፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ፣ አበዳሪው እንደያዘው ባለዕዳ፣
ከሊኑክሷ ማሽን ፊት ተደፍቼ፣
«ቪፒኤኑን አስነሺልኝ» እላለሁ፣ እንቅልፌን ትቼ።

ይነሣል። ይወድቃል።
ደግሜ አዛለሁ፤ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል፤
በቀይ ቀለም «አልተሳካም» ይላል።

የሃያ ሰባት ሰው ውጤት ከዚች ሣጥን ተቀምጧል፤
አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር እስኪነጋ ይጠብቃል።
በዋሻው ካልሄደ፣ በሜዳ አይላክ ነገር፤
የሰው ደም ምስጢር ነው፣ አይዘራም እንደ ወሬ በየመንደር።

ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ።
ፋየርዎሉን ጠረጠርኩ፤ ንጹሕ ነበር፤ በከንቱ አማሁ።
ፓስወርዱን እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ በጣቴ እየነካሁ ደገምኩ፤
ከዚያ ቴሌን ረገምኩ
(ሰው ሲጨንቀው ቴሌን ይረግማል፤ እኔ ምን የተለየ አደረግኩ?)

አባ ፎጊ፣ ጥበቃው፣ ካፖርታቸው እያንጠባጠበ ብቅ አሉና፣
«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። «በሩ እምቢ አለኝ» አልኩ፣ ቀና ሳልል ገና።
«ምክንያቱን ጠየቅኸው? እኔም ሰው ስመልስ ምክንያቱን እነግራለሁ፤
ሁሉም ግን በሩን ይደበድባል፤ እኔም ዝም ብዬ አያለሁ።»

ሎጉን ከፈትኩ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ስደበድብ፣ አንድ ጊዜ አላነበብኩ።
«ሰርተፊኬቱ» ይላል፣ «ዘመኑ ገና ነው።»
ገና? አምና የተሰጠ ወረቀት እንዴት ነው ገና የሚሆነው?
«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብዬ ማሽኗን ጠየቅኋት።
«ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ወሩ አሥር» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።
ቀና ስል ግድግዳው ላይ የባንኩ ካላንደር፤
ሰኔ፤ ያው ዓመት፣ ያው ቁጥር።

ተማም!
ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ባትሪዋ ሞቶ ስትሰናከል፣
ቀኗን ከግድግዳው ገልብጦ ሞላላት፣ ሳይጨምር ሳያጎድል።
አልዋሸም ልጁ፤ የኛን ዘመን ነው የሰጣት፤
እሷ በፈረንጁ ነው የምትቆጥር፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጣላት።
ወረቀቱ በእሷ ቀን ገና አልተወለደም፤
ያልተወለደ ደግሞ ሲጠሩት አቤት አይልም።

ስምንቱን ዓመት መለስኩላት። ሰባት ሰዓቱን አንድ አልኩት።
ተነሣ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩት።
አልወደቀም።
ሃያ ሰባቱ አንድ በአንድ በዋሻው አለፉ፤
ስማቸውን አላየሁ፤ ደህና ይሁኑ እንጂ፣ ይለፉ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አባ ፎጊ ከደጅ።
«በማን?» ልል ነበር። ሰባት ተኩል አልኳቸው።
ለተማም ማስታወሻ ተውኩ፦ «ባትሪ ይገዛ።»
ከካላንደሩ ጥግም በእስክሪብቶ፦
«ይሄ ለሰው ብቻ ነው።»