ራብዕ

ከዚራ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤
የራሴን ኑሮ ሌላ ሰው ሲኖረው «ይዩት» ብለው ጋበዙኝ።
ናሁሰናይ ይባላል ልጁ፤ ለሥራው ነው ከአዲስ አበባ የመጣ፤
ቀኝ እጁን ከጎኑ ጠፍረው፣ በፋሻ አሰሩት እንዳትወጣ።
ባዶውን እጅጌ ሽቅብ አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ሰኩለት፣
ልክ እንደኔ።
ከልክም በላይ እንደኔ።

«ጀምር» ሲሉት ይንገዳገዳል፣ በሐዲዱ ላይ፣ ጠርሙስ ጨብጦ፤
ውስጡ ውሃ ነው፤ እሱ ግን ይውጠዋል፣ እንደሚያቃጥል ዓይኑን አፍጥጦ።
«በቃ፣ ሻይ» ስትል ሳምራዊት
ፋሻውን ፈታና እጁን አወጣት።
እንዲያው በቀላሉ።
አፍንጫውን አከከባት፣
የሻይ ብርጭቆ ያዘባት።
እኔ የወጣችበትን ሸሚዝ አያለሁ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣
ምናልባት ለኔም የቀረች ካለች ብዬ።

ቁጥር ጸሐፊ ነበርኩ እኔ፣ በምድር ባቡር ግቢ፣
የፉርጎ ሆድ ላይ፣ የመጋዘን በር ላይ፣ ነጭ ቀለም ቀቢ።
ከሰዓት ጫት፣ ማታ ጨብሲ፣ ሲነጋ ደግሞ የጨብሲው ጨብሲ፤
ወርዶፋ «አቦ ሂድ ግባ!» እያለኝ፣
የሽንኩርት ጆንያ ተንተርሼ ከፉርጎው ሥር ተኛሁ፣
እጄን ወደ ሐዲዱ ዘርግቼ።
ፉርጎው ቀድሞኝ ነቃ።

ይህን ፊልሙ ይዞታል። ደህና አድርገው ሠርተውታል።
ያልያዘው ሰባቱን ነው።

በድርሰቱ መጠጥ የተውኩት አንዴ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ክራር ሲመታ፣
ጠርሙሱን ደቻቱ አሸዋ ላይ ስሰብረው፣ ዓይኔ እንባ ሞልታ።
እኔ ጠርሙስ ሰብሬ አላውቅም። ቆራሌ ይገዛዋል።
መጀመሪያ የተውኩት ዱቤ ተከልክዬ ነው።
ሁለተኛው ለእህቴ ለሚስኪያ ሠርግ፤ ዘጠኝ ቀን።
ሦስተኛውን አላስታውሰውም።
በአራተኛው ሆስፒታል፣ ጉንዳን ከግድግዳው እየወረደ
እጄን ሲበላት አየሁ፤ የሌለችውን እጄን።
አምስት። ስድስት።
ሰባተኛው ማክሰኞ ነበር። ወበቅ። ምንም አልሆነም።
ወርዶፋ ሐባብ ቆርሶ ሰጠኝ፣ ስለ ዶሮዎቹ አወራኝ፣
መሸ፣ አልጠጣሁም።
ረቡዕም መሸ።

ለሳምራዊት ነገርኳት።
«ጋሼ ነጂብ፣ ሰባቱን የምናሳይበት ደቂቃ የለንም» አለች በትሕትና።
እውነቷን ነው፤ እኔንም ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የቀረችኝ ግራ እጄ ፊደል አታውቅም ነበር።
በከሰል፣ በጓሮው ግንብ ላይ፣ «ሀ» ብላ ጀመረች።
የ«በ» አንድ እግር እያጠረባት «ባ» ይሆናል፤
የሙዘይን ሱቅ ላይ «በርበሬ አለ» ልጽፍ ወጥቼ
«ባርባሬ አላ» ብዬ ወረድኩ።
መንደሩ ሳቀ።
ከገጠር የመጡት ሴቶች ግን «ምኑ ያስቃል?
ባርባሬ አይደል እንዴ ስሙ!» ብለው በኦሮምኛ ፈረዱልኝ።

ያን ለታ ነው ያየሁት፣ ዕድሜ ልኬን ጽፌው ያላየሁትን፦
ግዕዙ በሁለት እግሩ ቆሞ «በ» ይላል፣ እንደሚያጉረመርም ሰው፤
ራብዑ አንዱ ሲያጥርበት «ባ!» አለ፣ አፉን ከፈተው።
«ምስኪን» ብሎ ሳንቲም የወረወረለት አንባቢ የለም።

ፊልሙ አለቀ። «ማስታወቂያውን እርስዎ ይሳሉት» አሉኝ፤
አራት ሜትር አቡጀዲ ለገሃር አጥር ላይ ወጠሩልኝ።
የልጁን ፊት ሳልኩ። ሐዲዱን ሳልኩ።
ከዚያ በሸሚዙ ሥር፣ ከጎድኑ በላይ፣ ያቺን እብጠት፣
ጣቶቿ እስኪቆጠሩ ድረስ፣ የታሰረችውን እጅ።
«ጋሼ! ምስጢራችንን አወጡት እኮ!» አለች ሳምራዊት፣ ደንግጣ።
ናሁሰናይ አልተናገረም። ቀረብ ብሎ
በእጁ እጁን ነካት።
ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤
መዳፉ ላይ ይዞት ሄደ።