ሰባ ሰከንድ

«አቦ ቶሎ ና!» አለችኝ ዘኑባ በስልክ፣
«ይሄ የኢሜይሉ ነገር ሆኖብኛል ልክ
እንደ ድሮው ባቡር፤ ይጮሃል፣ ያናፋል፣
ተነሳ ሲሉት መልሶ ያንቀላፋል።»

ከዚራ፣ አራት ሰዓት። ፀሐይ ጥርሷን ስላ፣
ባጃጁ እንኳ ቆሟል ተሸጉጦ ከጥላ።
የትራንዚት ቢሮ፦ የቆርቆሮ መሳቢያ፣
ክርኑ የላላ ወንበር፣ የሚያዛጋ ማራገቢያ፣
ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ፣ ከአቧራ ተከልሎ፣
እንደ እንግዳ ተቀምጧል፣ ቤቱን የኔ ነው ብሎ።

ተጫንሁት።
ያቺ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች።
ዞረች።
ዞረች።
ዘኑባ በመስኮቱ ወጥታ ሻይ አዘዘች።
«ሻዩ ሲያልቅ ይከፈታል» አለች፣ ስኳሯን እያማሰለች።

መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠርሁ፤ አማሁት፤
ገመዱን ነቀልሁት፣ እፍ አልሁት፣ መለስሁት።
ቀጥሎ ጸረ ቫይረሱን፣ ያን ክፉ ዘበኛ፣
ደብዳቤ ሁሉ ፈታሽ፣ እንቅልፍ አልባ ምቀኛ፣
«ለዛሬ ዕረፍት ውጣ» ብዬ አሰናበትሁት።
ሰባ ሰከንድ። በእጅ ሰዓቴ ለካሁት።

ተቀጥላ ስለቅም፣ አንድ ጉድ አገኘሁ፦
የአየር ጠባይ ነጋሪ! «ይሞቃል» ይላል። ሳቅሁ፣ ነቀልሁ።
(ድሬ ላይ ይህን ለማወቅ ማን ኮምፒውተር ይከፍታል?)

መዝገቡም አብጧል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ፣
የተሰረዘው ሳይቀር ሳይወጣ ከቤት፤
ጨመቅሁት እንደ ታጠበ አንሶላ፣
ከስድስት ጊጋ ወረደ ወደ ሁለት።
ኮራሁ። ዘጋሁት። መልሼ ከፈትሁት።
ሰባ ሰከንድ።
አንዲትም አልጎደለች።

ያኔ ነው ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጽፈውን
የውሎ ማስታወሻ ገልጬ ያነበብሁት።
ለካ በየጠዋቱ ይህ ምስኪን አገልጋይ
ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ ብርሃን ገና ሳያይ፣
ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል እስከ ጅቡቲ ወደብ፣
አንድ በር ያንኳኳል።
ዝም።
ይጠብቃል በአደብ።
ደግሞ ያንኳኳል።
ዝም።
ሰባ ሲሞላ
ይመለስና ይከፍታል የቀረውን ሌላ።

«ሮብሌ ማነው?» አልኋት።
ብርጭቆዋን አስቀመጠች።
«የወደቡ ሰው። እነሱ ሰርቨር ላይ ሳጥን የከፈተልኝ እሱ ነው።
ቢሮው ከተዘጋ አራት ዓመቱ። ፊቱን አላውቀው፣ ድምፁን አላውቀው።
ስሙ በሶማሊኛ ባለ ዝናብ ነው አሉኝ።
አንድ ቀን ከኮንቴይነሩ ቁጥር በታች
‹ዛሬ እዚህ ዘነበ› ብሎ ጻፈልኝ።
‹እዚህም› አልኩት።
ዋሸሁት። ደቻቱ ደርቆ
ጎረምሶች አሸዋ ያፍሱበት ነበር።»

«ልሰርዘው?» አልሁ።
ማራገቢያው ብቻ መለሰ።
«አቦ ተው» አለች ቆይታ፣ «ሌላ መላ የለህም?»

መላ አለ። አንዲት ሳጥን፣ ጭረት ያለባት፣
«ሲነሳ ፈትሽ» ትላለች። ጭረቷን አነሳሁላት።
በሩ አለ፤ ስሙም አለ፤ ማንኳኳቱ ብቻ ቀረ።
አራት ሰከንድ! ፕሮግራሙ ተፈናጥሮ በረረ።
ሦስት መቶ ብሬን ተቀብዬ፣
ሁለት ማንጎ ተመርቆልኝ፣
እንደ ሐኪም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ደወለች።
«ተበላሸ?»
«አይ፣ ይሮጣል እንጂ።
ሻዬ ሳይደርስልኝ የጉምሩክ ደብዳቤ ይደርሳል።
ስማኝማ፣
ያቺን ጭረት እንዴት ነበር የሚመልሷት?»

ነገርኋት።
በስልኩ ውስጥ ጠቅ ስታደርግ ሰማኋት።