ትንፍሽ

ከካሊጄሩክ ስንወጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤
የትምባሆው ቅጠል ጤዛ እስከ ጉልበት ያረጥበናል።
ጠርሙሶቹን ፓክ ዋጊሚን ያዘ፣ በጥጥ ጠቅልሎ እንደ እንቁላል፤
እኔ ቱቦና ቴርሞሜትር፣ «ማስክህን!» የሚል አንድ ቃል።
«ያንቺን አጥብቂ» ይለኛል። ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ከታች የጃቫ ሜዳ መብራት፣ እንደተበተነ ሩዝ፤
ከላይ ጭሱ፤ መሀል እኛ፣ ጀርባችን ላይ የጠርሙስ ጓዝ።

ሆዱ ባዶ ነው ጠርሙሱ፣ አየሩ ከውስጡ ተመጦ፤
ኮስቲክ ሶዳ ብቻ አለበት፣ ከሥሩ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ።
ድኝ ቢጫ የቀባውን ስንጥቅ በቱቦ ወግቼ፣
የጠርሙሱን አንገት ቀስ ብዬ፣ በጓንት እጄ ከፍቼ፣
እጠብቃለሁ። ይንደቀደቃል። የተራራው እስትንፋስ
በሶዳው ውስጥ እየሟሟ፣ ጠርሙሱ እጄን እስኪያቃጥል ድረስ።

ሳል ይዞ ስርቆት! እኛ ነን፤ ሳላቸውን የዋጡ ሌቦች፣
ከተኛ አፍ ትንፋሽ ቀድተን የምንሞላ በጠርሙሶች።

ቅልጥ ዐለት ምስጢር ያዥ ነው፤ ጥልቅ ሳለ ሁሉን ይውጣል፤
ሽቅብ ሲል ግን፣ ክዳኑ እንደተፈነገለ ለስላሳ፣ ይገነፍላል።
ካርቦን ችኩል ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ፣ ገና ከሥር ያመልጣል፤
ድኝ ቆይቶ፣ ጣሪያው ሲቀርብ፤ ክሎሪን መጨረሻ ይወጣል።
ስለዚህ ካርቦን በድኝ ላይ ሲበረክት በድንገት፣
እንግዳ መጥቷል ማለት ነው፣ ደጅ የሚጠና ከምድር ቤት።

«ሆድ ይፍጀው» የሚለውን ቃል
ከተራራ በላይ ማን ያውቃል?

የሰኔ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ በእጥፍ ጨመረ።
ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ሦስተኛ። አልተቀየረ።
ለቢሮ ደወልኩ፤ ቢሮው ለወረዳው፤ ወረዳው ለመስጊዱ።
በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ ሰዎቹ ተነሥተው ሄዱ፣
ከነላማቸው፣ ከነቴሌቪዥናቸው። የትምህርት ቤት ወለል
ፍራሽ በፍራሽ ተነጠፈ፤
ሃያ ሦስት ሌሊት።
ተራራው ትንፍሽ ሳይል አለፈ።

መጣ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ቀዘቀዘ፤ እንዲህም ይሆናል።
ይህን ለጎመን ማን ይነግራል?
ስንመለስ፣ ማሳው ላይ የበሰበሰውን እያሳየች፣
የዋጊሚን ሚስት ሱሚያቲ፣ «ይኼንንስ ለካሽው?» አለች።

በነሐሴ ከተማ ወረድን፤ እሱ በሳል ሌሊት ሳይተኛ።
ሐኪሟ ቱቦ ሰጠችው፤ «ንፋ!» አለችው፤ «ሁለተኛ!»
ነፋ። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ጥቂት ተነሥቶ፣
ወዲያው ተጋደመ፣ እንደ ደከመው ሰው በጎኑ ተኝቶ።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።
«ከቆየ» አለ፣ ኮፍያውን እያሻሸ።
ከቆየ!
አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሲወጣ፣ አዲሱን ማስክ ለእኔ ሲሰጥ፣
አሮጌውን በክር ጠግኖ እሱ ሲያጠልቅ፣
አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ ትንፍሽ አላለም።
ቢልስ? እኔ ጆሮዬ ስንጥቁ ላይ ነበር።

የተራራን ትንፋሽ ከሚሊዮን አንድ እጅ የምለካ፣
ገመዴን የያዘው ሰው ሲታፈን አላየሁም ለካ!

አሁን ጠርሙሶቹን ራሴ እሸከማለሁ። ስመለስ፣ ደጁ ላይ፣
«ምን አለ?» ይለኛል፣ አገጩን ቀና አድርጎ ወደ ላይ።
«ዝም ነው» እለዋለሁ። «አንተስ?»
ዝም ይላል።
ትናንት ግን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣
የምላስ ቡኑን ሊጠይቅ መስሎኝ ፊቱን ሳይ፣
«ዛሬ ያፍነኛል» አለ።

መዝገቤን አውጥቼ ጻፍኩት፤
ከተራራው ቁጥር በታች፣
ቀኑንና ሰዓቱን።